በቁሙ የተለቀሰለት አባት

አንድ አባት ነበረ። ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን በር አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ነበር።

በሩ ቀለም ስላማረው አይደለም። ቆርቆሮው የቀለም ዘመኑ አልፏል፤ ቀጥ አድርጎ ያቆመው ዝገቱ ነው። ሰውየው የሚቀባው እንግዳ ቢመጣስ ብሎ ነው። ማን ቢመጣ? አሜሪካ! ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ። ሆሳዕና ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ውሻ እንኳ መንገድ ተሳስቶ በማይገባበት ቅያስ ውስጥ አንድ ሰው አሜሪካ ድንገት ብቅ ብትል እንዳታፍርብን ብሎ በር ይቀባል።

ይህ ሰው ላምቤቦ ኤርሲዶ ይባላል። የሚሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ድምፅ በላይ ሲያወራ ስለኖረ፣ በጆሯችሁ ምሥጢር ሲነግራችሁ ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው "ተው እንጂ!" ብሎ ይመልሳል። እድሩም ይህን አይቶ ጥሩንባውን ሰጠው። በሰፈሩ ሰው ሲያርፍ ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ እየነፋ የሚዞረው፣ "እድርተኛ ሆይ ስማ! እገሌ አርፏል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው!" እያለ የሚለፍፈው እሱ ነው። ሰፈሩ አንድ ነገር ያውቃል። ላምቤቦ ያልነፋለት ሰው አልሞተም። ላምቤቦ የነፋለት ሰው ደግሞ ቢተነፍስ እንኳ ቀብሩ አይቀርም።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው። ምስጋና ትባላለች። የምነግራችሁ የእርሷን ነገር ነው።

ምስጋና ጎበዝ ናት። ጎበዝ ብቻ አይደለችም፣ ተስፋ ይዟታል። ተስፋ የያዘው ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ወተት ሲገነፍል አጠገቡ ቆሞ አያየውም። ሐሳቧ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ አመልካች ሦስቱን ይወስዳል። ለዘጠና ሰባቱ "ድንቅ ሰዎች ናችሁ" ብሎ ይጽፍላቸውና በዚያው ይሸኛቸዋል። ለሚወስዳቸው ግን ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን፣ የክረምት ካፖርቱን ሳይቀር ይችላል።

ታዲያ ምስጋና ምን አደረገች? ሶፎንያስ ዘንድ ሄደች።

ሶፎንያስ ማነው? መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወጣት ነው። ፎቶ ኮፒው ለስሙ ነው። ዋናው ሥራው ልጆችን አሜሪካ ማስገባት ነው። እስካሁን ማንንም አላስገባም፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚገባ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ሶፊ፣ ውጤቴን አምጥቼልሃለሁ" አለችው።

"ውጤትሽን ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው። እዚያ የሚያመለክተው ሁሉ ውጤት አለው። ውጤት ማለት ለሠርግ ጫማ ማድረግ ነው። ሳያደርግ የመጣ አይገባም፤ ስላደረገ ግን ማንም ዘወር ብሎ አያየውም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ስልት!" አለና ወንበሩን ወደ እርሷ አስጠጋ። "ቀድመው ለሚያመለክቱ ለብቻ የተከፈተ በር አላቸው። ሰፋ ያለ በር ነው። በዚያ የሚገባ ሰው ግን አንድ ቦታ ብቻ ይመርጣል፤ 'ከተቀበላችሁኝ ሌላ አላይም' ብሎ ይፈርማል።"

"እንደ ቃል ኪዳን?"

"እንደ ቃል ኪዳን። ሁለተኛ፣ ሕክምና እንዳትዪ። የእኛ አገር ሰው አፉን ሲፈታ ሕክምና ነው የሚለው። አፈር በይ።"

"አፈር?"

"የአፈር ጥናት። ለሕክምናው ሰልፉ ከዚህ ወራቤ ይደርሳል። አፈር ጋ ማን አለ? ማንም!"

ምስጋና ሳቀች። ምክንያቱም አፈር የምር ትወድ ነበር። ወፍጮ ቤት የሚመጣው እህል ላይ የሚቀረውን ጭቃ እያየች ይህ ከቆላ ነው፣ ይህ ከደጋ ነው እያለች ያደገች ልጅ ናት። እዚህ ድረስ ስልቱ ውሸት የለበትም። እዚህ ድረስ ወገኖቼ፣ እኔም ለሶፎንያስ አጨበጭብለታለሁ።

"ሦስተኛ" አለ ሶፎንያስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ድርሰቱ። አንባቢው ማልቀስ አለበት። ምን መከራ ደርሶብሻል?"

ምስጋና አሰበች። "ምንም አልደረሰብኝም።"

"ምንም?"

"አንዴ ታይፎይድ ይዞኝ ነበር።"

"ታይፎይድ ማንንም ይይዛል! አባትሽ ምን ይሠራል?"

"ወፍጮ ቤት። ደግሞ የእድር ጥሩንባ ይነፋል።"

"ተይው። እድር ምን እንደሆነ ስታስረጂ ድርሰቱ ያልቃል" አለና አገጩን እያሻሸ ጣራውን አየ። "አባትሽ ቢሞት ነው የሚሻለው።"

"ማን?"

"ወረቀት ላይ ነው እንጂ! ወረቀት ላይ የሞተ ሰው እኮ ምሳውን ይበላል፣ እህሉን ይፈጫል፣ ምንም አይሰማውም።"

በሶፎንያስ አትፍረዱ። እርሱም በጊዜው አመልክቶ ነበር። መጀመሪያ አያቱን ገደለ፤ አልተቀበሉትም። በሚቀጥለው ዓመት እናቱን ጨመረ። ከዚያ ሁለት አጎቶቹን አስከተለ። ዘመድ አለቀ እንጂ እርሱ አልገባም። ይህን ግን ለደንበኛ አይናገርም።

ምስጋናም ቤቷ ሄዳ ጻፈች። "አባቴ ባለፈው መስከረም አረፈ" ብላ ጀመረች። ከጀመረችው በኋላ ድርሰቱ ራሱ ይሮጥ ጀመር። የታመመበትን ጻፈች፣ የተሰናበታትን ጻፈች፣ ባዶ ወንበሩን ጻፈች። ጽፋ ጽፋ እንባዋ ወረደ። በዚህ መሃል ሟቹ ከማጀት በኩል ጮኸ።

"ምስጋና! ኧረ ራት ቀረበ!"

የሞተው አባቷ ለራት ይጠራታል! እርሷም እንባዋን ጠርጋ ሄደች፣ ሟቹ ያጎረሳትን ጎረሰች፣ ተመልሳ ድርሰቱን ላከችው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አባቷን ትጠላ ነበር? አትጠላም። ትወደው ነበር! አባቷን የገደለችው ጠልታው አይደለም። በሩ እርሱን ይዛ የማያስገባት መስሏት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እነሆ ጥቂት ሳምንት አልፎ መልእክት መጣ። "ከዩኒቨርሲቲያችን የተመረቁ ሰው ቃለ መጠይቅ ያደርጉልሻል፤ ሆሳዕና ድረስ ይመጣሉ።" ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። እናቷ ቀሚስ ተኮሰች። አባቷ ቀለም ገዛ።

ቅዳሜ ጠዋት ልትወጣ ስትል ላምቤቦ ብሩሹን እንደያዘ በሩ ላይ አገኛት።

"አብሬሽ ልምጣ እንዴ ልጄ? ውስጥ አልገባም፣ ከሆቴሉ ማዶ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።"

"አባዬ፣ ብቻሽን ነይ ብለዋል።"

"እነሱ ናቸው ያሉት?"

"አዎ።"

"እነሱ ካሉማ ደንብ ነው" አለ ላምቤቦ። "ግን ቤቱን እንይ ካሉ አምጪያቸው እንጂ እንዳታፍሪ። እስከ ስድስት ሰዓት ይደርቃል።"

ምስጋና ዞር ብላ አላየችውም። ዞር ማለት አልቻለችም።

ሆቴሉ ውስጥ የጠበቀቻት ፈረንጅ አልነበረችም። ዶክተር እልፍነሽ የምትባል፣ ሐዋሳ የምትሠራ ሐኪም ነበረች። በእንግሊዝኛ ጀመሩ። ወገኖቼ፣ እንዴት ያለ ጅምር ነበር! ዶክተሯ ስለ አፈር ጠየቀች፣ ምስጋና ስለ ወፍጮ ቤቱ ጭቃ ነገረቻት። ዶክተሯ ሳቀች፣ ጻፈች፣ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ገብቻለሁ አለች ምስጋና በልቧ። በሩ እየተከፈተ ነው፣ ሲንቋቋ ይሰማኛል!

"ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ" አለች ዶክተሯ።

ሶፎንያስ ምን ብሏት ነበር? ወረቀትሽና አፍሽ አንድ ይሁኑ። ስለዚህ ምስጋና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ አባቴ ባለፈው መስከረም አረፈ አለች።

ዶክተር እልፍነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንግሊዝኛውም እዚያው ላይ አበቃ።

"ውይ! ውይ የኔ እናት! ምነው ሳትነግሪኝ! መስከረም ማለት እኮ ገና ትኩስ ነው! ታሞ ነው?"

"አ... አዎ።"

"ምኑን?"

ምስጋና የመጣላትን ተናገረች። "ጉሮሮውን።"

በከተማው ሁሉ ጤነኛ ጉሮሮ ያለው ያ ሰው!

"ቤታችሁ ሩቅ ነው?" አለች ዶክተሯ ቦርሳዋን እያነሳች።

"በጣም ሩቅ ነው።"

"መኪና ይዣለሁ።"

"መንገዱ መኪና አያስገባም።"

"በእግሬ እገባለሁ።"

"እናቴ ገበያ ሄዳለች።"

"ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን። ለቅሶ ደራሽ ሲቸኩል አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ዶክተር፣ ግድ የለም፣ ያስቸግርዎታል፤ አልፏል እኮ..."

"አባት ያልፋል እንዴ!" ዶክተሯ ተቆጣች። "ስሚኝ ልጄ፣ የዩኒቨርሲቲው ሥራ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አልቋል። አሁን የምመጣው እንደ ሰው ነው። ሰምቼ ሳልደርስ ብመለስ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትወቅሰኛለች።"

አያችሁ የሶፎንያስን ስህተት? ስልቱ ሁሉ ለአሜሪካ የተሠራ ነበር። የአሜሪካን በር፣ የአሜሪካን እንባ፣ የአሜሪካን ሰልፍ አጥንቷል። ጠያቂዋ የእኛው ሰው ትሆናለች ብሎ ግን አላሰበም። የእኛ ሰው ደግሞ ሞት ሰምቶ "በጣም አዝናለሁ" ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያልፍም። ይነሣል። ነጠላውን ያነሣል። ቤቱ የት ነው ይላል።

ዶክተሯ ከመኪናዋ ኋላ ነጠላ አወጣች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለበሰች። መንገድ ላይ ዳቦና ስኳር ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ምስጋና ስልኳን አወጣች።

"እማዬ! አባዬ የት ነው?"

"በሩ ላይ ነዋ። ምነው?"

"ጓሮ አስገቢው። በሩ ላይ እንዳይታይ።"

"ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም! ደብቂው ብቻ!"

እናትየው ስልኩን እንደያዘች ተጣራች። "ላምቤቦ! ልጅህ ተደበቅ ትልሃለች!"

መልሱ በስልኩ በኩል ብቻ ሳይሆን በአየሩም የመጣ መሰላት። "እንግዳ ይዛ መጣች ማለት ነዋ! ተይኝ፣ ይቺን የበር ክንፍ ልጨርሳት!"

ደረሱ። ዶክተሯ ከመኪናው እንደወረደች፣ ወጉ እንደሆነው፣ ከሩቅ ጀምራ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "ወንድሜን! ሳላውቅህ የቀረኸው ወንድሜን!" እያለች ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ጉልበቱ ድረስ በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰው ቆሟል።

ላምቤቦ ነጠላዋን ከነጥለቱ አየ። ብሩሹ በእጁ ላይ ቀጥ አለ። የሚሠራው ሥራ ነውና ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

"እህቴ! ማን ሞተብን?"

ዶክተሯ ለለቅሶው ብድግ ያለ ጎረቤት መሰላት። "ወንድሜ፣ እርስዎም ይጽናኑ..."

"እጽናናለሁ፣ ግን ማን ነው? በእኔ ሰፈር ሰው ሞቶ፣ እኔ ሳልነፋ፣ እንግዳ ቀድሞኝ ያልቅስ? ስሙን ይንገሩኝ፣ ጥሩንባዬ እዚሁ ነው!"

"አቶ ላምቤቦ ናቸዋ! የዚህች ልጅ አባት!"

"የትኛው ላምቤቦ?"

"ላምቤቦ ኤርሲዶ።"

ሰውየው የሰፈሩን ቤቶች በሐሳቡ አንድ በአንድ ዞረ። ጨርሶ ሲመለስ ቀስ ብሎ ተናገረ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ።

"እህቴ፣ በዚህ ሰፈር ላምቤቦ ኤርሲዶ አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።"

ለቅሶው ተቋረጠ። ዶክተሯ ወደ ልጅቷ ዞረች። አባትየውም ዞረ። ከብሩሹ ጫማው ላይ ቀለም ይንጠባጠባል።

ምስጋና ያን ጊዜ መሬት ብትዋጣት ደስታዋ ነበር። አፈር አጥናለሁ ያለች ልጅ አፈር ልትገባ ፈለገች።

"መቼ ነው የሞትኩት?" አለ አባቷ።

"መስከረም።"

"ምን አሞኝ?"

"ጉሮሮህን።"

"ለምን?"

"የሞተ አባት ያላት ልጅ ቶሎ ትገባለች ተባልኩ አባዬ..."

ይቆጣል ብላችሁ ጠበቃችሁ? ዶክተሯም ጠብቃ ነበር። ምስጋና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

"የአንድ አባት ሞት የሚያስገባሽ ከሆነማ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለ ላምቤቦ። "ደስ እያለኝ እሞትልሽ ነበር። የከፋኝ መሞቴ አይደለም ልጄ። ለእኔ ሳትነግሪኝ መግደልሽ ነው።"

ያን ቃል እስክትሞት አትረሳውም። እኔም ይህን ታሪክ የነገረኝን ሰው ፊት አልረሳውም።

አሁን ግን ከአጥሩ ማዶ ሌላ ነገር ተጀመረ። ጎረቤታቸው አበቡ ለቅሶውን ሰምታ ነበር፤ "ላምቤቦ ኤርሲዶ" የሚለውንም ሰምታለች። የቀረውን ልትሰማ አልቆመችም። ደረቷን እየመታች ወጣች። "ላምቤቦዬ! የሰፈሩ ድምፅ! ማን ይንፋልን እንግዲህ!" ለቅሶው ከቤት ቤት እንደ እሳት ተያያዘ። ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎረምሶች የድንኳን ብረት ተሸክመው ወጡ።

አንድ አስተዋይ ሰው ብቻ ጠየቀ። "ቆይ እንጂ፣ ጥሩንባ መቼ ተነፋ?"

የእድሩ ዳኛ መልስ አላጡም። "ነፊው ሞቶ ማን እንዲነፋ ትፈልጋለህ?"

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ድንኳኑ መምጣቱን ቀጠለ።

ላምቤቦ ጩኸቱን ሰማ። ቤት ገብቶ ጥሩንባውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ልጁን እጇን ያዛት፣ ቀለሙ እጇን አረንጓዴ አደረገው።

"ነይ" አላት። "እኔ እነፋለሁ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ።"

"አባዬ፣ እኔ? በሰው ሁሉ ፊት?"

"አንቺ ነሽ የገደልሽኝ። አንቺው አስነሺኝ።"

ወጡ። ላምቤቦ ጥሩንባውን ወደ ሰማይ አድርጎ ነፋው። የሰፈሩ ሰው ባለበት ደረቀ። ያ ጥሩንባ ለሟች እንጂ ለማን ተነፍቶ ያውቃል? ሟቹስ ራሱ ሲነፋ ማን አይቶ ያውቃል?

"እድርተኛ ሆይ ስማ" አለች ምስጋና። ድምፅዋ ከከንፈሯ አላለፈም።

"አይሰማም!" አለ አባቷ። "ለሞቴ ድርሰት የጻፍሽ ልጅ ለሕይወቴ ድምፅ ታጪያለሽ?"

ያን ጊዜ ልጅቷ አፏን ከፈተች። የማን ልጅ እንደሆነች ያን ቀን ታወቀ! "እድርተኛ ሆይ ስማ! አባቴ ላምቤቦ ኤርሲዶ አልሞተም! ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ! ዋሽቼ ነው! አባቴ በሕይወት አለ! ይኸው!"

እርሱ ይነፋል፣ እርሷ ትጮኻለች። በየቅያሱ ዞሩ። አበቡ ደረቷን መምታቷን ትታ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጆች ከኋላ ተከተሉ። ምስጋና እንባዋ እየወረደ ትስቃለች፣ እየሳቀች ትጮኻለች፤ እያንዳንዱ ጩኸት ከደረቷ ላይ አንድ ድንጋይ ያነሣላታል። ዶክተር እልፍነሽም ነጠላዋን አቃንታ ለብሳ ከሰልፉ ገባች።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ድንኳን የተሸከሙት ጎረምሶች ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል።

"ጋሽ ላምቤቦ፣ አሁን ይህን ብረት ምን እናድርገው?"

"ትከሉት!" አለ ላምቤቦ። "የወጣ ድንኳን አይመለስም። የመጣውም ዳቦ ይቆረስ፣ ሟቹም ርቦታል!"

በሐዘን ድንኳን ሥር ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ ሆሳዕና እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ዶክተሯ ልትሄድ ስትል ምስጋናን ወደ ጎን አደረገቻት። "ያየሁትን እጽፋለሁ። ሁሉንም።"

"አውቃለሁ ዶክተር።"

"አንቺም ጻፊላቸው። ቀድመሽኝ።"

ቀድማት ጻፈች። አባቴ አልሞተም፣ ዋሽቻለሁ፣ ማመልከቻዬን መልሱልኝ አለች። ያ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ በትሕትና መለሰላት፤ መልሱም እንቢ ነበር። ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ቦታዎች አመለከተች፣ አሁንም አፈር ብላ፣ አሁንም በስልት። ድርሰቷን ግን እንዲህ ብላ ጀመረች። "አባቴ በሰፈራችን የራሱን ትንሣኤ በጥሩንባ የነገረ ብቸኛ ሰው ነው።" አንዱ ወሰዳት። የትምህርት ቤቱን ስም ብነግራችሁ "የት ነው ደግሞ እሱ?" ስለምትሉኝ አልነግራችሁም። አፈር እያጠናች ነው፣ ያ ይበቃል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

ስልት ኃጢአት ነው አላልኩም። አመልክቱ! በሩ ጠባብ ከሆነ ቀድማችሁ ሂዱ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ማንም ያልተሰለፈበትን ፈልጉ። አንዱን ምረጡና ቃል ግቡለት። ልጆቻችሁን አስጠኑ፣ ስለ እነርሱ ጸልዩ፣ በር ቀቡላቸው። እግዚአብሔር ሰነፍ አመልካች አይወድም።

የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። አባታችሁን የት ጻፋችሁት?

ሰማያዊ አባት አለን የምንል ሰዎች፣ መሥሪያ ቤት ስንገባ አባታችን በሕይወት አለ? ገበያ ላይ ሚዛን ስንይዝስ? ቪዛ ስንጠይቅ፣ ሹመት ስንፈልግ፣ ልጃችንን ለሀብታም ስንድር አለ? ወይስ "ለጊዜው አርፏል" ብለን ጽፈናል? እሁድ ሕያው፣ ሰኞ ሟች! ጠልተነው ነው? አይደለም! እንወደዋለን። በሩ እርሱን ይዘን የማያስገባን መስሎን ነው። ወረቀት ላይ ነው እንላለን። ምንም አይሰማውም እንላለን። ይሰማዋል! ጉሮሮው ጤነኛ ነው፣ ጆሮውም ጤነኛ ነው፤ ስለ ሞቱ በምንጽፍበት ሰዓት ለራት ይጠራናል!

የጣላችሁትን ደግሞ እዩ። ምስጋና አይረባም ብላ የተወችው ጥሩንባ ነበር ታሪኳ። የአሜሪካ ሰው አይገባውም የተባለው አባት ነበር ሀብቷ። እናንተስ ምናችሁን ነው "ይህ አይታይልኝ" ብላችሁ ጓሮ ያስገባችሁት? ጓሮ እንደማይገባ ታውቃላችሁ አይደል? ሁለተኛውን ክንፍ እየቀባ ነው!

ለቅሶ ሊደርሱ ማልደው የሄዱ ሰዎች ሕያው አግኝተው እየሮጡ የተመለሱበት አንድ ጠዋት እንዳለ ለእናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ። "ለምን አልጠየቅሽኝም፣ እሞትልሽ ነበር" ያለው የሆሳዕናው ሰው በቃሉ ብቻ ነው የሞተው። የእኛ ግን በቃሉ ብቻ አልቀረም። ሞቶልናል። ደግሞም አለ! የሞተልን እርሱ፣ ያለውም እርሱ! ይህን ይዞ ዝም የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ በየቅያሳችሁ፣ ሞቷል ባላችሁበት ቦታ ሁሉ፣ ሞቷል ባላችሁበት አፍ ተናገሩ። ድምፃችሁ መጀመሪያ ላይ አይወጣም፤ አትፍሩ፣ ጥሩንባውን የሚነፋው እርሱ ነው። የምታጡት በር ካለ ይጥፋ። የአባታችሁ በር ተከፍቷል።

ቀለሙ ገና አልደረቀም። ስትገቡ ልብሳችሁን ቢነካችሁ አታራግፉት፤ የማን ልጆች እንደሆናችሁ ይታወቅ።